የግንበኛው ጫማ

አቶ ገብረአምላክ ከጦሩ ከተሰናበቱ ወዲህ፣ ከነገሌ ወጣ ብሎ ያለውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በእሾህ አጥረው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ወለተሐናም የተቀበረችው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አንድ ቀን ግንበኛው በላይነህ ጋሪ ይዞ መጣና፣ እንደ ወጉ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገብቶ ድንጋዩን ሊወስድ ግድግዳውን በዲጅኖ ይንድ ጀመር።

«ለመስረቅም ጫማ ይወለቃል?» አሉት።

«ቅዱስ ቦታ ነው እኮ፣ አባባ!» አለና በዲጅኖው ክንዳቸውን ሰበረው። ሲወድቁም አፋቸውን ረገጠና ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ደም እየተፉ እስከ በሩ ተሳቡ። ጫማውን ይዘው ወጡና የእሾህ መዝጊያውን በደህና እጃቸው ጎትተው ዘጉበት። በላይነህ በባዶ እግሩ ጥሶ ሊወጣ ሲል እሾሁ ውስጥ እግሩን በሳው፤ ጮኾ ወደቀ።

«አባባ፣ በማርያም ጫማዬን!»

«መጀመሪያ ድንጋዩን ልጄ ራስጌ መልስ።»

እያነከሰ መለሰ። የመጨረሻው ድንጋይ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ጫማውን አልወረወሩለትም።