የሀርሺኑ ቦቴ ነጭ ጭስ

ጅግጅጋ ሥራ የጀመርኩት በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ነው። በመንግሥት ጋራዥ በሁለተኛ ደረጃ መካኒክነት ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስሄድ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ፣ የራሴ የብሎን መፍቻ ቺያቤዎችና ብዙ ትዕቢት ይዤ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን የተቀበሉኝ ዋና መካኒኩ አቶ ጃማ ናቸው። ቀጭን፣ ሸበቶ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። የጋራዡ ሠራተኛ ሁሉ «አብቲ» ይላቸዋል፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ዲፕሎማዬን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ጥሩ ነው። አሁን እጅህን አሳየኝ» አሉኝ።

ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሳቁብኝ። «አይ ልጄ፣ ሥራህን ማለቴ ነው።»

ሥራው ወዲያው መጣ። አብቲ ባቢሌ ላይ የቆመ መኪና ለማንሳት እንደወጡ ሾፌር ከድር የውሃ ቦቴውን ይዞ ገባ። ያረጀ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ለሀርሺን ወረዳ ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ዝናብ ጠፍቶ፣ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣባቸው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ቢርካዎች ደርቀው ነበር።

«ነጭ ጭስ አበዛብኝ፣ ጉልበትም አጣ» አለ ከድር።

ጢስ ማውጫው ጋ ሄጄ አሸተትኩ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነጭ ጭስ እንደሚያወጣ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። የሥራ ካርዱ ላይ «ኢንጀክተር» ብዬ ጻፍኩና ናፍጣ የሚረጩትን ስድስቱንም ቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«አሁንም አለ እኮ» አለኝ ከድር።

«የጠዋት ብርድ ነው። ሲሞቅ ይተወዋል» አልኩትና ፈረምኩ። እስኪሞቅ ግን አልጠበቅሁም።

ቦቴው ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሚጎተት ያህል እያዘገመ ተመለሰ። ራዲያተሩ ውሃ እየጨረሰ ከድር አራት ጊዜ ሞልቶታል። ሀርሺን እንደማይደርስ ሲገባው የጫነውን መንገድ ላይ ላገኛቸው አርብቶ አደሮች አከፋፍሎ ዞረ። እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ሞተሩም ውሃውም በረሃ ላይ ይቀሩ ነበር።

የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወጣ። «ማነው ፈርሞ ያስወጣው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከባቢሌ የተመለሱት አብቲ መሃል ገቡ። «ጓድ፣ መጀመሪያ መኪናው። ልጁ የትም አይሄድም።»

«ውሃ እየጨመረ መሄድ ከቻለ ነገ ይውጣ፤ ሕዝብ እየጠበቀ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ፒስተን ሊጨምቀው አይችልም። ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ነገም የለም፣ ከነገ ወዲያም የለም። እኔ አልፈርምም።»

ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣ የሚያስፈራ ሰው ነው። አብቲ ግን ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። በመጨረሻ ሰውዬው ሁለት ቀን ሰጥቶ ገባ።

አብቲ ሞተሩን አስነስተው በደንብ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ የመስኮት መስታወት ስባሪ ጢስ ማውጫው ፊት ያዙና አሳዩኝ። ጠብ ጠብ የሚል ንጹሕ ውሃ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን አስቀድመው ከፍተውት ነበርና ከሲሊንደሩ የሚሾልከው ጭስ ውሃውን እንደሚፈላ ድስት ያንተከትከዋል። ቀጥለው ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን የናፍጣ ቱቦዎች በየተራ ፈታ አደረጉ። አንዱን ሲፈቱ ያ ሲሊንደር ናፍጣ አጥቶ ሞተሩ ይንገዳገዳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ አልተለወጠም።

«ይሄ ሞቷል። ውሃ አጥፍቶት ናፍጣው ሳይቃጠል ይወጣል። አንተ ያሸተትከው እሱን ነው። አፍንጫህ አልዋሸም፣ ግን ቸኮልክ።»

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የፊተኞቹን ሦስት ሲሊንደሮች የሚሸፍነውን ስናነሳ ሁለቱ ፒስተኖች ጥላሸት ለብሰው ጠቁረዋል። ሦስተኛው እንደታጠበ ሳህን ያበራል። በሞተሩና በቴስታታው መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ እዚያ ጋ ተቃጥሎ ተበልቷል።

መለዋወጫ ዕቃ ክፍል ስንጠይቅ ጓርኒሲዮን የለም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። አብቲ ጥቂት አሰቡና «ና» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋዱማ በራፍ ላይ ተቀበሉን። ባልና ሚስት በሶማልኛ ተነጋገሩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ የመዳብ ትሪ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ አበባ የተቀረጸበት፣ መሃሉ ልሙጥ። ወይዘሮ ፋዱማ ትሪውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ውሃው ለሀርሺን ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እህቴ እዚያ ናት» አሉና ራሳቸው አወረዱት። ለሠርጋቸው የተሰጣቸው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

አብቲ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን መዳቡ ላይ አስቀምጠው በምስማር ነደፉት። በመቀስ ቆረጡ፣ ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስተካከሉ። ከዚያ ከሰል ላይ ቀይ እስኪሆን አግለው ባልዲ ውሃ ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ ጮኽኩ።

«አብቲ፣ ይጠነክራል!»

«ያ ብረት ነው። መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። ንካው።»

ነክረው ሲያወጡት ነካሁት። በጣቴ ጫና ጎበጠ። ያን ዲፕሎማ የሰጡኝ መምህራን ይህን አልነገሩኝም፤ ነግረውኝም ከሆነ አልሰማሁም።

የቴስታታውን ፊት ወፍራም መስታወት ላይ በዘረጉት ብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ቀን አሹት። በየመሃሉ የብረት ማስመሪያ እያስቀመጡ ብርሃን ሾልኮ እንደሆነ ያያሉ። የመዳቡን ጓርኒሲዮን አስገብተው ቴስታታውን መለሱና ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቁ። ሞተሩን አሙቀው፣ አቀዝቅዘው እንደገና አጠበቁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ቦቴውን አስነሳነው። ሲሞቅ ጢስ ማውጫው ፊት መስታወቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ደረቅ ነው። ከድር ውሃ ሞልቶ ወጣ። በማግስቱ ባዶ ቦቴ ይዞ ሲመለስ ራዲያተሩን እያሳየ አንድ ቃል ነው የተናገረው፦ «አልጎደለም።»

ከዚያ አብቲ የሥራ ካርዱን ሰጡኝ። «ጻፍ። ሳያጣራ ፈረመ በል።»

ይሸፍኑልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዳሉኝ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ተቀበሉኝና ከሥሬ «በመጀመሪያ ቀኑ ብቻውን ትቼው ሄድኩ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ሁለታችንንም አየንና ካርዱን ፋይል ውስጥ ከተተው።

ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ከዚያም በኋላ በብዙ ጋራዥ ሠርቻለሁ። ነጭ ጭስ ያለው መኪና ሲመጣልኝ ሞተሩ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፣ የሚወጣው ውሃ ይሁን ናፍጣ እለያለሁ፣ ቺያቤ የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ያልደረስኩበትን ደግሞ ካርዱ ላይ «አልደረስኩበትም» ብዬ እጽፋለሁ።