«የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የተሸጠ ጠመንጃ

ጎረቤቴ ቨርል ሃስኬት ከወንበሩ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ሲመላለስ ከማድ ቤቴ ሆኜ አየዋለሁ። የአጋዘን አደን ከተከፈተ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከጫካው ተኩስ በተሰማ ቁጥር ብድግ ይላል። ይኸው ተጋብቶብኝ እኔም አብሬው መነሳት ጀምሬያለሁ።

ቨርል በከተማችን የእህል ጎተራ አርባ ዓመት ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ነው። አንድም ገበሬ ተጠራጥሮት አያውቅም። እሱም ሰው አይጠራጠርም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በመስከረም ትከሻውን ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ሐኪሙ ከእንግዲህ መተኮስ የለም አለው። ጠመንጃውን ሊሸጥ መኖ መደብሩ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ።

«ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ወስደህ በእነሱ በኩል ሽጠው» አልኩት። «ገዢው ቅጽ ይሞላል፣ እነሱ ለመንግሥት ደውለው ወንጀል እንደሌለበት ያጣራሉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«በግሌ ስሸጥ ሕጉ አያስገድደኝም።»

«ሕጉ ጠዋት ጠዋት ፊትህን ታጠብም አላለህም።»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! እኔ ሰው የማጣራው በዘሩ ነው።»

እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ ማጣሪያው የማን ልጅ ነህ ማለት ነው። የመጣው ገዢ ሮይስ ይባላል፣ ስድስት ዓመት ሌላ ቦታ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። አያቱ ሟቹ ኦርቪል ታኬት የቨርል የአደን ጓደኛ ነበር። አያቱን ሲጠራለት ቨርል ፊቱ በራ፤ ተጨባበጡና አለቀ።

በሳምንቱ ቁርስ ቤት ተቀምጠን፣ አስተናጋጇ ዋንዳ ቡና እየቀዳችልን «የሮይስ ሚስት ልጆቹን ይዛ መሸሿን ሰምታችኋል?» አለች። «አንቋት ነበር እኮ! ፍርድ ቤት አጠገቧ እንዳይደርስ፣ መሣሪያም እንዳይዝ ከልክሎታል።»

ቨርል እንቁላሉን ሳይነካ ተነሳ። ተከትዬው ሮጥኩ።

«ለሸሪፉ ደውል!»

«አንቺው ደውዪ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አመጣዋለሁ።»

መኪናው ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ሸሪፉ ሳይደርስ እኛ ሮይስ ደጃፍ ደረስን።

«ያ ጠመንጃ ጥይት ማጉረሻው ተሰንጥቋል» አለው ቨርል። «ፊትህ ላይ እንዳይፈነዳ፤ ገንዘብህን እንካ፣ መልስልኝ።» ውሸት ስለማያውቅበት ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ውይ ጋሼ፣ ማክሰኞ ሸጥኩት እኮ።»

«ለማን?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም። ነዳጅ ማደያው ጋ ያገኘሁት ጨዋ ሰውዬ ነው።»

«ጨዋ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«የማን ጠመንጃ ነበር አለኝ፣ የእርስዎ መሆኑን ነገርኩት። ‹ቨርልን? በደንብ ነዋ የማውቀው!› አለ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቀው ጋሼ?»

ቨርል ገንዘቡን እንደያዘ ቀረ። ሸሪፉ መጥቶ ሮይስን ወሰደው፣ ቤቱንም ፈተሸ፤ ጠመንጃው የለም። ሮይስ ደብቆት ይሁን በእውነት ሸጦት የሚያውቅ የለም። ሚስቱ እስካሁን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ቨርልን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አውራጃው በሙሉ ነው።

ትናንት ነዳጅ ማደያው ጋ አንድ ሰውዬ «ቨርል! አለህ ወይ?» ብሎ እየሳቀ እጁን ዘረጋለት። ቨርል ፊቱን አተኩሮ አየው እንጂ እጁን ከኪሱ አላወጣም።