በክር ፋንታ ሽቦ

የከተማው ሰው «ጋሽ ጨለማ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሲኒማ ቤቱ ማጫወቻ ክፍል ተቀምጦ፣ «መብራት አጥፉ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማ የለም። አንድ ጥቅል ፊልም በአሥራ ስምንት ደቂቃ ያልቃልና፣ እቤቱ ሆኖ እንኳ በየአሥራ ስምንት ደቂቃው ብድግ ይላል። ሲኒማ ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ ግን አምስት ደቂቃ መቀመጥም አቃተው።

«አንተ ሰው፣ ወይ አርፈህ ተቀመጥ ወይ ውጣልኝ፤ ወለሉን በእግርህ ጨረስከው» ትለዋለች አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ።

ይወጣል። የሚሄደውም ወደዚያው ወደ ሲኒማ ቤቱ ነው።

እሳቱ ከተነሳ ሦስት ወር ሆኖታል። ሰው በጊዜ ወጥቶ ማንም አልሞተም፤ ወንበሩ፣ መጋረጃውና የጣሪያው ግማሽ ግን ዶግ አመድ ሆኗል። አሁን ከተማው ተረባርቦ እያደሰው ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው፣ ከሁሉ ኋላ የሚወጣው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ያለ ክፍያ ይሠራል፣ ማንም ግን አያናግረውም። እሳቱ የተነሳው እሱ ከዘረጋው መስመር ነው ተብሏላ። ማን አለ ቢባል ማንም፤ ሁሉም።

እውነቱን የሚያውቀው ጋሽ ጨለማ ብቻ ነው። እሳቱ የተነሳው በማጫወቻው መብራት ግለት፣ ከራሱ ከፊልሙ ነበር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የአሮጌ ፊልም ጠባይ ነው። ለዚህም ሲባል ብርሃኑ ከማጫወቻ ክፍሉ ወደ አዳራሹ በሚወጣበት መስኮት ላይ የብረት መከለያ በክር ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። እሳት ሲነሳ ክሩ ይቃጠላል፣ መከለያው ይወርዳል፣ እሳቱ ክፍሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ክር ግን ያረጃል። ሁለት ጊዜ በፊልም መሃል ተበጥሶ መከለያው ዷ አለና ተመልካቹ በፉጨት አዋረደው። ለሦስተኛ ጊዜ ላለመዋረድ ጋሽ ጨለማ ራሱ በሽቦ አሰረው። ሽቦ ደግሞ አይቃጠልም። ክፍት በቀረው መስኮት እሳቱ አዳራሹን በላው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ግን ነቅዟል። ቢናገር ያን ክፍል ይቀሙታል፤ ከዚያ ክፍል ሌላ ደግሞ በምድር ላይ ቦታ ያለው አይመስለውም። ስለዚህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ዝም ብሎ ይሰማል፤ ራሱንም ይጠላል።

አንድ ጠዋት ብረት ሠሪው አዲሱን መከለያ ይዞ ወደ ማጫወቻ ክፍሉ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን በምን ላንጠልጥለው? ክር አላምንም፣ ይበጠሳል። በሽቦ ጥፍር አድርጌ ልሰረው?»

«በክር።»

«ሽቦ እኮ ይጠነክራል።»

«መጠንከሩ ነው ያቃጠለን» አለ ጋሽ ጨለማ። አፉ ቀደመው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም፤ የክሩን መበጠስ፣ ፉጨቱን፣ ሽቦውን፣ ሁሉንም ዘረገፈው።

ኤሌክትሪሺያኑ ከጥግ ካለው መሰላል ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋሽ ጨለማ ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ደስ ባለው።

«እኔ እኮ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ሌሊት ሌሊት መስመሩን በሐሳቤ ስዘረጋ፣ የቱ ጋ እንደሳትኩ ስፈልግ ነው የሚነጋልኝ። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት በጓሮ መንገድ ነው።»

ጋሽ ጨለማ ይቅር በለኝ ሊል አንድ እርምጃ ቀረበው።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለው ኤሌክትሪሺያኑ ቀድሞ።

ደገመለት። ኤሌክትሪሺያኑ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው።

«አሁን ደግሞ ጮክ ብለው። እነዚያም ይስሙ።»

ከመስኮቱ ማዶ አዳራሹ ውስጥ አናጺዎቹ መዶሻቸውን አቁመው ነበር። እህቱም ወንበር የምትወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘች ቀና ብላለች። ጋሽ ጨለማ የማጫወቻ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና መከለያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ጮክ ብሎ ተናገረ።