ቀጭ የሚለው ካቻቢቴ

በደርግ ጊዜ የእኛ የየካ ቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር፤ የቀረ ሰው ሰኞ ተጠርቶ ይጠየቃል። ደግነቱ የአዳራሹ መብራት ከእኛ ጋር ያደመ ይመስል ነበር። የሊቀመንበሩ ንግግር ሲሟሟቅ መብራት ይጠፋል፣ ድምፅ ማጉያው ጸጥ ይላል፤ ያለ እሱ መናገር የማይወዱት ሊቀመንበር ስብሰባውን ይበትናሉ። እኛም ሳቃችንን አፍነን ዳገቱን ወደየቤታችን እንወጣለን።

ጥፋቱ የራሳቸው የሊቀመንበሩ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጣሪው ያለበትን ሳጥን ከፍተው፣ ካቻቢቴውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የሽቦውን ብሎን ያጠብቁታል። ሽቦው ከመጨፍለቁ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል፤ መብራቱ የሚጠፋውም ለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና ይህን አውቃለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

አንድ እሑድ፣ ገና ስብሰባው ሳይጀመር ጠየቁኝ። እምቢ አይባልም። የተጎዳውን ጫፍ ቆርጬ ሽቦውን እንደገና አስገባሁና ከመሥሪያ ቤቴ የተዋስኩትን ካቻቢቴ አወጣሁ። ይሄኛው ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በላይ ብትታገለውም አያጠብቅም።

ቀጭ አለ።

«ምነው፣ ሰበርከው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። በቃ ማለቱ ነው።»

«ደሞ በቃ የሚለው ማን ሆኖ ነው?» ብለው ተቆጡ።

የዚያን ቀን መብራቱም አልጠፋ፣ ንግግሩም አላለቀ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ስንወጣ ጎረቤቶቼ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ጠዋት ከሳጥኑ አጠገብ ቆመው ሁሉን የሰሙ አንዲት እናት ብቻ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ለሰው አፍ የሚሆን ቀጭ የሚል አልሠሩም?» አሉኝ።