አልጋ የጫነ ሎሪ

የእንጨት አልጋ እግር ከሎሪ ብረት ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ቋ ቋ የሚል ድምፅ አለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስላለፈው ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። በዚህ ክረምት በምንኖርባት የሱዳን ከተማ፣ ሀዋታ ላይ፣ ለጧት ሻይ ውሃ ጥጄ ቁጭ እንዳልኩ፣ ከደንደር ወገን የመጣ ሎሪ በመንገዱ ጉድጓድ ሲነጥር ያው ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ቀና ብዬ ሳይ፣ በገመድ የተጠለፉ አልጋዎች እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ተደራርበዋል፣ ከላያቸው ሴቶችና ሕፃናት ተቀምጠዋል።

ትልቋ ልጄ ሕይወት ስልኳን እያየች ነበር። «ዩማ፣ ማፊ ሀጃ። ምንም የለም፣ ጦርነቱ ገና ሩቅ ነው ይላሉ» አለችኝ። ሱዳን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እናቷን እንደነሱ ነው የምትጠራው። እኔ ስልኩን አላየሁም፤ ዓይኔ ላይ የመጣችው እናቴ ናት።

ደርግ በወደቀበት ዓመት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የምንኖረውም እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሬፍ ከተማ ዳር ነበር። አባዬ ደርግን ሸሽቶ ከጎንደር የመጣ ሰው ነው፤ እማዬ ሎሪ መቆሚያው ላይ ሻይ እያፈላች ትሸጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ግን ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ተብሎ ጎንደር አጎታችን ዘንድ ቀርቶ ነበር። አባዬ ሬዲዮ የሚሰማው ለሱ ሲል ነው፤ አገሩ ደህና ከሆነ ልጁም ደህና ይመስለው ነበር።

በዚያ በጋ ሬዲዮው የሚያወራው ስለ ኢራቅ ጦርነት ነበር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን አጥራችን ሥር ተሰብስበው እየተከራከሩ ይሰሙ ነበር፣ አባዬም ያ ሁሉ አልፎ የኢትዮጵያ ወሬ እስኪመጣ አገጩን ይዞ ይጠብቅ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እማዬ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ እኔ ፍየል እንዳትበትነው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዜናው ሲያልቅ ወዲያው ይዘጋል፤ እባክህ ዘፈን ልስማ ስለው «ዘፈን ድንጋይ ይበላል» ይለኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን እማዬ ከሥራ ተመልሳ፣ ማንቆርቆሪያዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ «የደሳለኝ አባት፣ ከገላባት የሚመጣው ሎሪ አልጋ መጫን ጀምሯል» አለችው።

«ታዲያ አልጋ ቢጭንስ?»

«ገበያ የሚሄድ ሰው አልጋውን አይጭንም። ከድንበር ማዶ የሆነ ነገር አለ። ልሂድና ልጄን ላምጣ።»

አባዬ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ዜና የምትሰሚው ከአልጋ እግር ነው?»

«የኔ ሬዲዮ ድንጋይ አይበላም» አለችው።

«የኔው ምንም አላለም። እስኪናገር ጠብቂ።»

እሷም ቃሉን አክብራ ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር አባዬ ቀስ ብሎ «ዛሬም አልጋ ነበር?» ይላታል፣ «ነበር» ትለዋለች፣ እሱም ተመልሶ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ይጥል ነበር።

ግንቦት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። መንግሥት ወደቀ ተብሎ ሰፈሩ እልልታ በእልልታ ሆነ፣ ጀሪካን እንደ ከበሮ ተመታ፣ አባዬም ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ሲስም ዋለ። በሳምንቱ ከጎንደር የመጣ የአገራችን ሰው ከሎሪ ወርዶ ቤታችን ገባና፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ፣ «ደሳለኝ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ታፍሷል። ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው ለውትድርና የጫኑት» አለ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሬዲዮውን የሚዘጋው ስለጠፋ፣ ድንጋዩ እስኪደክም ብቻውን ሲያወራ ቆየ።

ክረምቱ ሲገባ የተበተነው የደርግ ወታደር በከሰላ በኩል እየተሻገረ ሜዳ ላይ ሰፈረ። እማዬ እኔን አስከትላ፣ ጭቃውን እያቦካን፣ ከሰፈር ሰፈር «ደሳለኝ የሚባል፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ልጅ አላያችሁም?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አንዱ ከሲታ ወታደር ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳያትና «እማማ፣ እኔም ፍንጭት ነኝ፤ እሱ ከጠፋ እኔን ውሰጂኝ» አላት። ሊያስቃት ብሎ ነው። እሷም ለመንገድ የያዘችውን ሻይ በሙሉ ቀዳችለት፣ ጠጥቶ እስኪጨርስም ፊት ፊቱን ስታየው ነበር።

ደሳለኝ አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳንም የለም።

ማሽላው ሲቆረጥ ሬዲዮው ሶቪየት የሚባለው ትልቅ አገር ፈረሰ አለ። አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ይህን የሚያህል አገር መፍረሱን ይነግሩናል፤ የአንድ ልጅ ወሬ ግን የላቸውም» ብሎ ዘጋው። ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ድንጋይ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ጠፋ፤ ፍየሎች በተኑት፣ ዝጎም ቀረ። እማዬ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ብዬህ ነበር አላለችውም፤ አባዬን የጎዳው ዝምታዋ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሀዋታ ላይ ያን ድምፅ ስሰማ፣ የጣድኩትን ውሃ ከሰሉ ላይ ደፋሁትና «ተነሺ፣ ወንድምሽን ጥሪው» አልኳት።

«ዩማ፣ እስኪረጋገጥ እንጠብቅ እንጂ።»

«ሲረጋገጥ መንገድ አይኖርም።»

ልብስና ማሰሮ ይዘን ወጣን። ወደ ገዳሬፍ የሚሄድ ማሽላ የጫነ ሎሪ ለምኜ ከጆንያው ላይ ወጣን፤ ጭቃው ሲይዘው እየወረድን፣ ሲወጣ እየተሳፈርን ሄድን። በየፍተሻው ወንዱን ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜ አልፍ ነበር። ከኛ ኋላ የቀሩት ጎረቤቶቻችን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ የወጡት በእግራቸው ነው፤ ሁሉም ግን አልወጡም።

ያኔ ለሰፈሩ ሁሉ የነበረው አንድ ሬዲዮ ነው። ዛሬ ወሬው በየልጁ እጅ ላይ ነው፣ ድንጋይም አያስጨንቀውም፤ ለእናት ግን ዛሬም እንደ ያኔው ዘግይቶ ነው የሚደርሳት። ይህን የምጽፈው ገዳሬፍ፣ የተፈናቀለ ሰው ከተጠለለበት ትምህርት ቤት ወለል ላይ ሆኜ ነው። እማዬ የተቀበረችው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ሄጄ እነግራታለሁ። አልጋዬን ሀዋታ ትቼዋለሁ። ሕይወትና ወንድሟ አጠገቤ ናቸው። ደርሰናል፣ ደህና ነን።