ምሳ እስኪበሉ ድረስ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ የእናቴ ጠጅ ቤት ነበር። ጠጁ ጥሩ ነበር፤ ማሩ ከቡሬ ማዶ፣ ከአገው ምድር ስለሚመጣ ማንም ቢጥለው ያምርለታል። ሰው የሚወድደን ለምግቡና ለጓሮው ነው። ጓሯችን በጌሾ ታጥሮ፣ በኮኩና በሎሚው መሀል መደብ ተደልድሎ፣ ትልቅ ዋንዛ ጥላውን ይጥልበታል። ከደምበጫ የሚነሣ ሾፌር ሁሉ ረሃቡን ይዞ የሚመጣው እዚያ ዋንዛ ሥር ሊያራግፈው ነበር።

እናቴ እንግዳ ብሉልኝ ብላ ስታስገድድ አይጣል ነው። መጀመሪያ «አፈር ስሆን» ትላለች። ቀጥላ «በሞቴ» ትላለች። እንግዳው እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ደግሞ የመጨረሻዋን ታወጣለች፤ «በልጄ ሞት፣ ይችን ብቻ!» ለዚህች እምቢ ያለ ሰው አላየሁም። ቄሱም፣ ሾፌሩም፣ ሆዱን የሚያመው ነጋዴም ተመልሶ ይቀመጣል። ልጄ የምትለው ወንድሜን ነው፤ እኔ ታላቅ እህቱ ብሆንም ሴት ነኝና ለመሐላ አልበቃሁም። «ምስኪኑን በቀን ስንቴ ትገድይዋለሽ?» እያልሁ እቀልድባት ነበር።

ደርግ ወጣቱን ከገበያ እያፈሰ ጦር ሜዳ በሚልክበት ዘመን፣ ወንድሜ ማር ሊያመጣ ቡሬ እንደሄደ ቀረ። «ታፈሰ» አሉን። እናቴ ቡሬ ወርዳ፣ የታፈሱት ልጆች ከታጎሩበት ግቢ በር ላይ ሰንብታ፣ ፊቱን ሳታይ ተመለሰች። ቤቱን ግን አልዘጋችም፤ ብትዘጋው በምን እንኖራለን?

አንድ እኩለ ቀን ላይ ሦስት የወታደር መኪናዎች በራችን ቆሙ። አንድ ሻምበል ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ ጓሮ ገባና ምሳ አዘዘ። ብርሌ ይዤ ስወጣ ከጌሾው በላይ ቀና ብዬ አየሁ። ሸራ በሌለው መሀለኛው መኪና ላይ፣ እንደ ማገዶ ተጠጋግተው ከቆሙት ልጆች መሀል ወንድሜ ነበር። እሱም አየኝ። እጁን ሊያነሣልኝ ሞከረ፤ ማንሻ ቦታ አጣ።

ጮኼ እናቴን ጠራኋት። እሷ ግን አልጮኸችም፤ ሮጣ ሻምበሉ እግር ላይ ወደቀች።

«ጌታየ፣ ያ ልጄ ነው። ያለኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እየረገምሁት እኖር ነበር። ደግፎ አስነሣትና «እማማ፣ በቁጥር ተረክቤ በቁጥር ነው የማስረክበው። አንድ ቢጎድል በእሱ ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ» አላት።

«እሽ፣ አጠገቡ ልድረስና ልሳመው።»

«አይፈቀድም። አይዞዎት፣ ይመለሳል። እኛም ምሳችንን እንደበላን እንሄዳለን።»

እናቴ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያዘች። እነሱ እስከበሉ ድረስ መኪናው አይነሣም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ወጥ ቤት ገባች።

እንደዚያ ቀን ያለ ገበታ ቤታችን ቀርቦ አያውቅም። ዶሮው፣ ዱለቱ፣ አይቡ፣ ምንቸት አብሹ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደረባል። ታቀርብና ጌሾው አጠገብ ቆማ ልጇን ታያለች፤ ደግሞ ተመልሳ ትገባለች። «አፈር ስሆን» አለቻቸው፤ በሉ። «በሞቴ» አለቻቸው፤ በሉ።

እኔ በጆግ ውሃ ይዤ ወደ መኪናው ሄድሁ። ዘቡ በጠመንጃው አገደኝ። «ለአንዱ ሰጥተሽ ለሌላው ልትነሽ ነው? ሂጅ እህቴ» አለኝ። የወንድሜ ከንፈር ደርቆ ነጥቷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኛ ባቆየናቸው ቁጥር እሱ ፀሐይ ላይ ነው። ተመልሼ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሂደሽ ጠጅ ቅጅ።»

ምን ላድርግ? ቀዳሁ።

በመጨረሻ ሻምበሉ «ኧረ በቃን፣ እማማ» ብሎ ተነሣ። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። እናቴ ጉርሻ ጠቅልላ ፊቱ ተገተረች። የቀረቻት አንዲት ቃል ናት፤ ያችው እምቢ የማይባልባት። «በልጄ...» አለችና አፏ ተያዘ። ዓይኗ ከጌሾው በላይ ወደ መኪናው ሄደ። ሻምበሉ ጥቂት ጠበቃት። እንደገና ሞከረች፤ አልወጣላትም። ለሰካራም ሾፌር ሁሉ ስትበትናት የኖረችውን ቃል ያን ቀን መናገር አቃታት።

እሱም ታጠበ። «ገበታዎ አይጉደል» ብሎ መርቋት ወጣ። መኪናዎቹ ወደ ደምበጫ ሲነሡ እናቴ ጉርሻውን እንደያዘች መንገድ ዳር ቆማ ነበር።

ወንድሜ አልተመለሰም። ሞተም ያለን የለም።

ጠጅ ቤቱ ቀጠለ። ወጡም ያው ነው፣ ጓሮውም ያው ነው። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ብላልኝ ብላ አላስገደደችም፤ የጠገበ ይነሣል፣ ይሄዳል። ደንበኞቻችን «ምነው ሰሰቱብን?» እያሉ ሲቀልዱባት፣ ምክንያቱን የማውቀው እኔ በንዴት ብርሌውን ልሰብረው እደርስ ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ካረጀች ወዲያ፣ ዋንዛው ሥር አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ምንም ሳልጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«ምነው ያችን ቃል ብያት ኑሮ። ላይመለስልኝ ነገር፣ አንድ ጉርሻ ያህል አየው ነበር።»