የዘይነባ እጅጌ

የልጅ ልጄ ቅርጫት ኳስ ስታይ ቤቱ ሰላም የለውም። ትናንት ዳኞቹ ጨዋታውን አቁመው ጥፋቱን በካሜራ ደግመው ሲያዩ፣ «እማማ፣ ነክቶታል አይደል?» ብላ ወጠረችኝ። አላውቅም አልኳት። እኔ የማውቀው ሌላ ጥፋት ነው።

መካነ ሰላም ተማሪ ሳለሁ ነው። በጋው ሜዳውን አድርቆት፣ በአመድ ያሰመርነውን መስመር ንፋሱ እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። በቅርጫት ኳስ ሊገጥሙን የደጎሎ ተማሪ ሴቶች በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። ያሸነፈ ለውድድር ደሴ ይሄዳል። እኔ ደሴን የማውቃት በወሬ ብቻ ነበር፤ ለጉዞው ጫማ ሳይቀር ተውሻለሁ። ከጨዋታው በፊት ከደጎሎዋ ዘይነባ ጋር የገብስ ቆሎ ስንቆረጥም፣ እሷም ደሴ የተዳረች እህቷን ካየች ሦስት ዓመት እንደሆናት አጫወተችኝ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኛ በአንድ ነጥብ እንበልጣለን። ዘይነባ ዘላ ልትወረውር ስትል እጇን መታሁት። ጥፍሬ ቆዳዋን ሲጭረው ታውቆኛል። ዳኛው፣ የእኛው የስፖርት መምህር፣ ፊሽካ ነፋ። «ፋውል! ሁለት ቅጣት!»

ሜዳው ታመሰ። «የገዛ ልጆቹን የሚያስበላ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው?» ይላል የእኛ ሰው። እኔም «ኳሷን እንጂ እሷን አልነካሁም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ግፊያው እየባሰ ሄደ፤ ድንጋይ ያነሳም አየሁ። መምህሩ ከጀርባዬ ቆሞ ስለነበር እሱም መጠራጠር ጀመረ።

ያኔ አያ ሰይድ፣ በከተማው ጠብ የሚያበርዱት ሽማግሌ፣ ሰዉን በከዘራቸው እየከፈሉ ገቡ። ስለ ቅርጫት ኳስ አንዲት ነገር አያውቁም። «ምስክር ከሌለ የካደችው ትማል» አሉ። መምህሩ እፎይ ብሎ ተቀበለ። አባቴ ግን ለእውነት እንኳ የማይምል ሰው ነበር።

ዘይነባ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። አንጓዋ ላይ ጭረቱ ቀልቷል። ልታሳይ እጇን ስታነሳ ቀደምኳት።

«ማርያምን፣ አልነካኋትም!»

ዘይነባ አየችኝ፤ ከዚያ እጅጌዋን ቀስ ብላ እስከ መዳፏ ጎተተችው። «ከማለችማ ይበቃል» አለች። ያን ጭረት ብታሳይ ኖሮ በሐሰት የማለችው ልጅ ተብዬ ነበር በዚያች ከተማ የምኖረው።

አሸነፍን። ስንጨባበጥ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አብሽሪ፣ እታለም» አለችኝ። የተሸነፈችው እሷ፣ የምትጽናናው እኔ።

ደሴን አየሁ። ገበያው መሃል ያገኘኋትን ወጣት ሴት ሁሉ እህቷ ትሆን እያልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። ዛሬም ከእሷ በቀር ማንም አያውቅብኝም፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

«ያውልሽ እማማ፣ ካሜራው ያዘው!» አለች የልጅ ልጄ እየሳቀች።

«ታድሎ» አልኩ።